ፌዴረር ስድስት ወር ቢያርፍ፣ አንተ የቤት ኪራይ አለብህ

ደብዳቤው ረጅም ነው። አሳጥሬዋለሁ፤ ስሙንም ትቼዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ39 ዓመት ሰው ነኝ። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፤ በተለይ ሰርግ። ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ከ2004 እስከ 2011 ዓ.ም. ጥር ሲመጣ ቀን እያጣሁ ሰው እመልስ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ኮሮና መጣ። ወገቤ መታመም ጀመረ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ፎቶ ቤቱም አብሮ ሄደ፤ እናቴም በዚያው ዓመት አረፈች። አሁን አምባሳደር አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። ለመጪው ጥር የያዝኩት ሰርግ አንድ ብቻ ነው። እሱም የአክስቴ ልጅ ነው።

ልጅ ሆኜ ስታዲየም አካባቢ ቴኒስ ሜዳ ላይ ኳስ ለቃሚ ነበርኩ። ቴኒስ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጓደኞቼ ይህን ስለሚያውቁ “ፌዴረር ስድስት ወር አርፎ መጥቶ ዋንጫ በላ፤ ያንተም ጊዜ ይመጣል” ይሉኛል። እኔም እየጠበቅሁ ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ዕቁቡን ሁለት ዙር አልጣልኩም፤ ባለቤቴ አታውቅም።

አሁን ደግሞ ረዳቴ የነበረ ልጅ ደወለ። ካሜራ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በቲክቶክ ስሙ ገኗል፤ እኔ ለቲክቶክ አልሠራም። ለጥር ሰባት ሰርግ ይዟል። “ጋሼ፣ ሁለተኛ ካሜራ ይያዙልኝ” አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሺ ልበል? ወይስ ሌንሶቹን ሸጬ፣ ተበድሬም ቢሆን መኪና ገዝቼ ራይድ ልጀምር? እሺ ካልኩስ፣ እሱ ጋሼ ይለኛል። እኔ በሰው ፊት ምን ብዬ ልጥራው?»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ አራት ኪሎ ተቀምጬ፣ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነው። እኔም የቴኒስ ነገር አይሆንልኝም። ባለቤቴ ዜና ሊያይ ሲል ሪሞት የምደብቅ ሴት ነኝ። ስለዚህ ደብዳቤህ ሰው አላጣም።

ከጓደኞችህ ልጀምር። ስለ ፌዴረር የነገሩህ ውሸት አይደለም። ግማሹን ግን አስቀርተውብሃል።

ያን ቀን አልረሳውም። ጥር 21 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፤ እሑድ፣ አስተርዮ ማርያም። ሰርግ ተጠርቻለሁ። ለብሼ፣ ተቀብቼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ሶፋው ጫፍ ላይ «አንድ ጌም ብቻ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሜልቦርን ላይ ፌዴረርና ናዳል የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ እየተጫወቱ ነው። ፌዴረር 35 ዓመቱ ነው። ግራንድ ስላም፣ ማለትም ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች አንዱን፣ ካነሳ አራት ዓመት ተኩል አልፎታል። በአምስተኛው፣ በመጨረሻው ዙር ናዳል 3 ለ 1 ይመራዋል። አለቀ አልኩ፤ ብድግም ብዬ ነበር። ከዚያ ሰውየው አምስት ጌም ያለ ማቋረጥ ወሰደ። ሰርጉ ላይ የደረስኩት ኬኩ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ያ «ዕረፍት» ምን እንደነበር ልንገርህ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የቴኒስ ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው።) 2016 መጀመሪያ ላይ ለሴት ልጆቹ የገላ መታጠቢያ ውሃ ሲያዘጋጅ ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ተመልሶ ሞከረ፤ እንደ ድሮው አልሆነለትም። ዊምብልደን ላይ በግማሽ ፍጻሜ ከተሸነፈ በኋላ የዓመቱን ቀሪ ውድድሮች ሁሉ ሰረዘ። የሰረዘው ውድድሩን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም። እነዚያን ወራት ጉልበቱን ሲያጠነክርና ኳስ ሲመታ ነው የከረመው። ደግሞም 17 ግራንድ ስላም አስቀምጦ ነው ያረፈው። አንተ የቤት ኪራይ አለብህ።

አንተ ዓመት ከሁለት ወር ስትጠብቅ ምን ሠራህ? ደብዳቤህ ውስጥ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ልወቅስህ አይደለም። መጠበቅ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ቀን ቀንን እየወለደ ይሄዳል፤ ሰውየው ሥራ ላይ ያለ ይመስለዋል።

ስለ ፌዴረር ሲወራ የሚረሳ ሌላም ነገር አለ። ራኬቱ ነው። 2013 ዊምብልደን ላይ በሁለተኛው ዙር ግጥሚያ በ116ኛው የዓለም ተጫዋች በስታኮቭስኪ ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በ36 ተከታታይ ግራንድ ስላሞች ሩብ ፍጻሜ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ያን ዓመት ወገቡንም ያመው ነበር፤ ይህን የምነግርህ ለወገብህ ማጽናኛ ነው። ፌዴረር የሚጫወትበት ራኬት ፊቱ ጠባብ ነበር፤ 90 ካሬ ኢንች። ሌሎቹ ሰፋ ባለ ራኬት ኃይል ሲጨምሩ እሱ አብሮት ያደገውን አልለቅ ብሎ ቆየ። ከዚያች ሽንፈት በኋላ መሞከር ጀመረ፤ 2014 ላይ ወደ 97 ተሻገረ። ወዲያው የግራንድ ስላም ዋንጫ መጣ? አልመጣም። ሦስት ግራንድ ስላም ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም በጆኮቪች ተሸነፈ። ፍሬው የታየው 2017 ላይ ነው። ያን እሑድ ናዳልን የጣለው አንድ እጅ ባክሃንዱ፣ እጁን በደረቱ አሻግሮ የሚመታው ምት ነበር፤ በአዲሱ ራኬት የሚመታ የድሮ ምት።

የአንተ ጠባቡ ራኬት የቱ ነው? «እኔ ለቲክቶክ አልሠራም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ትልቁን ባለቆዳ አልበም እወደዋለሁ፤ የእኔም ቁም ሳጥን ላይ አለ፤ ከወረደ ግን ዓመታት አልፈዋል። የዛሬ ሙሽሮች ማታውኑ ስልካቸው ላይ የሚደርስ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። መልሱ ሳይደርስ ዘመድ ሁሉ እንዲያየው ነው የሚከፍሉት። ያን መሥራት ብርሃን የማየት ችሎታህን አይወስድብህም። ስልኩን ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። እሺ፣ ብቻ አይደለም፤ ግን ገባህ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቴኒስም ይህን አይቷል። ቢዮርን ቦርግን የማያውቅ የቴኒስ ሰው የለም። 11 ግራንድ ስላም ወስዶ በ26 ዓመቱ በቃኝ አለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ 1991 ላይ ሞንቴ ካርሎ ተመለሰ። የያዘው የእንጨት ራኬት ነበር! ዓለም በሙሉ ወደ ግራፋይት ከተሻገረ ቆይቷል። በመጀመሪያው ግጥሚያ ተሸኘ። እስከ 1993 ድረስ እየመጣ ሞከረ። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ተወው። ያ ሰው ችሎታ አንሶት አልነበረም።

አሁን ወደ ረዳትህ ስልክ ልምጣ። እሱን ከመመለሴ በፊት ግን አንድሬ አጋሲን ላምጣልህ።

በወጣትነቱ አልወደውም ነበር። ያ የአንበሳ ጎፈር የመሰለ ጸጉር፣ ያ ዓይን የሚወጋ ልብስ። (ጸጉሩ ዊግ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ራሱ ተናግሯል። እኔ ደግሞ በጸጉሩ ስቀና ነበር የኖርኩት።) ሚያዝያ 1995 ላይ የዓለም አንደኛ ሆነ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 1997 ላይ 141ኛ ነበር። የእጅ አንጓውን አሞታል። ልቡ ከጨዋታው ወጥቷል። በዚያ ዓመት አደንዛዥ ዕፅ ይወስድ እንደነበር ራሱ ተናዟል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እሱም ላይ ያልተባለ ነገር አልነበረም።

ምን አደረገ መሰለህ? ቻሌንጀር የሚባሉ ትንንሽ ውድድሮች አሉ። ደረጃቸው ለትላልቆቹ መድረኮች ያልደረሰ ልጆች ነጥብ የሚለቅሙባቸው ናቸው። ሽልማቱ ትንሽ፣ ተመልካቹም ጥቂት ነው። ሦስት ግራንድ ስላምና የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው እዚያ ወረደ። ያውም የት? ላስ ቬጋስ፣ ተወልዶ ባደገባት ከተማ። አንተ ፒያሳ ላይ፣ ሊስትሮው ሳይቀር በስም በሚያውቅህ ቦታ፣ የረዳትህን ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ተሸክመህ ስታልፍ አስበው። እንደዚያ ነው።

አሸነፈ? እሱም አይደለም። ፍጻሜ ደርሶ፣ ብዙ ሰው ስሙን በማያውቀው ተጫዋች ተሸነፈ። ቀጥሎ በርባንክ ወደሚባል ሌላ ትንሽ ውድድር ሄደ። እሱን አሸነፈ።

ቀሪውን ታውቀዋለህ። 1998 ሲያልቅ ስድስተኛ ነበር። 1999 ፓሪስ ላይ በፍጻሜው በሜድቬዴቭ ሁለት ለዜሮ ሲመራ ቆይቶ ሦስት ለሁለት አሸነፈ። አራቱንም ግራንድ ስላሞች ያሟላው ያን ቀን ነው። ያን ዓመት የዓለም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ከስምንት ግራንድ ስላሞቹ አምስቱን የወሰደው ከ141ኛ ደረጃ ከተመለሰ በኋላ ነው። አምስቱን!

ሰው የሚያስታውሰው የፓሪሱን ለቅሶ ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ላስ ቬጋስ ላይ ይቀራል። በገዛ ከተማው፣ በትንሹ ሜዳ ተሸንፎ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳውን ሲያነሳ ለራሱ ምን አለ? ቢያንስ «አጋሲ ነኝ እኮ» አላለም። ወይም ብሎም ሄዷል።

ረዳትህ የሰጠህ ቻሌንጀር ነው፤ እሺ በል።

ይህን ከሶፋዬ ላይ ሆኜ አይደለም የምነግርህ። ከብዙ ዓመት በፊት እሠራበት የነበረ ጋዜጣ ተዘጋ። አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ጀመርኩ። ክፍያው በገጽ ነው። አንድ ቀን በሩን ከፍታ የገባችው ማን ናት? ጋዜጣው ላይ ልምምድ ስትሠራ ጽሑፏን በቀይ እስክርቢቶ የማቀላላት ልጅ። የማስተርስ ጽሑፏን ይዛለች። እስክርቢቶ እንደወደቀበት ሰው ጠረጴዛ ስር ገባሁ። እውነቴን ነው። ስወጣ አሁንም ቆማለች። «እትዬ፣ እርስዎ ከተየቡልኝ እርማቱንም አብረው ያዩልኛላ» አለች። ተየብኩላት። ሦስት ጓደኞቿን አመጣችልኝ። ከዚያ ይህ ዓምድ መጣ ብልህ ደስ ባለኝ። ግን አልመጣም። ሌላ ሁለት ዓመት ተየብኩ። ጣቶቼ ፈጠኑ፤ የቤት ኪራይም ተከፈለ።

ስለዚህ ከልጁ ጋር ስትሄድ እንደ እንግዳ አትሂድ። ዋጋህን አስቀድመህ ተነጋገር፤ በሰርግ ስንት እንደሚከፍልህና መቼ እንደሚከፍልህ። ቪዲዮውን ሲቆርጥ አጠገቡ ተቀመጥ። የቱን ደቂቃ እንደሚጥል፣ የቱን እንደሚያስቀር እይ። ዱሮ እሱ ከጀርባህ ቆሞ እንዳየው ማለት ነው። ሰባት ሰርግ ሰባት ትምህርት ነው፤ ያውም ተከፍሎህ።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልለፍ። «እናቴም በዚያው ዓመት አረፈች» ብለሃል። ግማሽ መስመር ናት። ስለ ሌንሶችህ የጻፍከው ከዚያ ይበልጣል። (እኔ ነኝ ያሳጠርኩት፤ ስለ ሌንስ ሙሉ ገጽ ነበር።) የሥራው መቀዝቀዝ ከዚያ በፊት እንደጀመረ አውቃለሁ። መጠበቁ ግን፣ ያ እጅ አጣጥፎ መቀመጡ፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን ቆጥረህ እየው።

ሴሬና ዊሊያምስ 2003 ላይ ታላቅ እህቷን በጥይት ተነጠቀች። ከእህቷ ሞት በኋላ ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራረበባት፤ ድብርት እንደያዛትም በኋላ ተናግራለች። 2006 ላይ ደረጃዋ ከመቶ ውጭ ወጣ፤ 139ኛ ደረሰች። ወፍራለች፣ አልቆላታል፣ ለፋሽን ነው የምትኖረው ተባለ። ጥር 2007 ሜልቦርን የገባችው 81ኛ ሆና ነው። በፍጻሜው ማሪያ ሻራፖቫን 6 ለ 1፣ 6 ለ 2 አደረገቻት። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዛ ድሉን ለእህቷ ለየቱንዴ ሰጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋዜጣው ስለ ኪሎዋ ሲጽፍ የኖረው ኀዘን ነበር።

ለእናትህ በቅጡ አልቅሰሃል? ወይስ ዕቃ ስታሸሽ፣ ቤት ስትፈልግ አለፈህ? ፎቶዋን አትመህ ግድግዳ ላይ ሰቅለሃል? ፎቶ አንሺ ሆነህ የእናትህ ፎቶ ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ሥራህ እሱ ነው። ከሚስትህም ጋር ስለ እሷ አውራ። በዚያው የዕቁቡን ነገር ንገራት። ከሰብሳቢው አፍ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይሻላል፤ በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ወገብህን ደግሞ ለማን አሳየኸው? «ይሻለኛል» የሚሉ ወንዶች ሰልችተውኛል። አንዱ ጆኮቪች ነው። ክርኑን ሲያመው ሰውነቴ ራሱን ያድናል ብሎ ቢላዋ ሸሸ። 2017 ዊምብልደን ላይ ጨዋታ አቋርጦ ወጣ፤ ስድስት ወር ጠፋ፤ ተመለሰ፤ አሁንም አመመው። በመጨረሻ 2018 መጀመሪያ ላይ ቀዶ ጥገናውን ተደረገ። ከራሱ እምነት ጋር ስለተጣላ ቀናት አለቀሰ። ከዚያም የተለያየውን የድሮ አሠልጣኙን ማሪያን ቫይዳን መልሶ ጠራው። ደረጃው 22ኛ ድረስ ወርዶ ነበር። በዚያው ክረምት ዊምብልደንን፣ ቀጥሎ ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ፤ ኅዳር ላይ አንደኛ ሆነ። አንተ ቢላዋ አያስፈልግህ ይሆናል። ፊዚዮቴራፒ፣ የሚሸከምልህ ልጅ፣ ቀለል ያለ ካሜራ ይበቃህ ይሆናል። ግን ሐኪም ይበልህ። ራይዱን ደግሞ እርሳው። ነውር ሆኖ አይደለም፤ በጨዋነት የሚኖሩበት ሥራ ነው። ግን ወገቡን የሚያመው ሰው ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ በቦሌ መንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሊቀመጥ? ያውም በብድር መኪና?

ዕድሜህን የጠቀስከው እንዳረጀ ሰው ነው። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ወሰደች፤ አትላንታ አራተኛ ወጣች፤ ልጅ ወለደች፤ ሲድኒ ላይ ወርቁን መልሳ አመጣች። በፈረንጆቹ 2009 ላይ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። እሷ በእግሯ ሮጣ ነው። አንተ ሙሽራ ነው የምትከተለው፤ ሙሽራ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

አንድ የማልወደውን ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ላይመለስ ይችላል። የ2010 ዓ.ም. ጥር፣ ሰው የምትመልስበት ጥር፣ ደግሞ ላታየው ትችላለህ። አንዲ መሬ ዳሌው ውስጥ ብረት አስገብቶ በዚያው ዓመት፣ 2019 ላይ፣ አንትወርፕ ዋንጫ አነሳ። ስናይ አለቀስን። ግራንድ ስላም ግን ዳግም አላሸነፈም። እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ እየታገለ ተጫውቶ ተሰናበተ። ሳምፕራስ ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ አንድ ዋንጫ ሳያይ ቆይቶ፣ 2002 ዊምብልደን ላይ በ145ኛው ተጫዋች ተሸንፎ፣ በዚያው ክረምት ዩኤስ ኦፕንን ወሰደ። ከዚያ በኋላ አንድ ይፋዊ ጨዋታ አልተጫወተም። ሁለቱም ያማረ ነው እላለሁ እኔ። ባለቤቴ የመሬን «ግትርነት» ይለዋል፤ በዚህ እንጣላለን።

ስለዚህ ሌንሶቹን አሁን አትሽጥ። የምትሸጠው ካለ ለሁለት ዓመት ካዝና ውስጥ የተኛውን ሽጥና ዕቁቡን ዝጋ። የጥርን ሰባት ሰርጎች ሥራ። ከፋሲካ በኋላ ያለውንም ወቅት ጨምር። ግንቦት ሲያልቅ ከሚስትህ ጋር ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። በራስህ ስም ስንት ሰው ቀብድ ሰጠህ? ከሦስት በላይ ከሆነ ቀጥል። አንድም ከሌለ ሁለተኛ ካሜራ ሆኖ መኖር ወይም ሌላ ሥራ መፈለግ አለ፤ ያኔ እንደገና ጻፍልኝ።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ ልጁን በሰው ፊት ምን ብለህ ትጥራው? በስሙ። «አለቃ» ብለህ አታሹፍ፣ «አንተ ልጅ» ብለህም አታሳንሰው። እሱ ጋሼ ማለቱን አይተውም። የሙሽራዋ አጎቶች ጋሼ የተባለውን ሰው አይተው ዋናው አንተ ትመስላቸዋለህ፤ ቀሪ ሒሳቡንም ላንተ ሊሰጡህ ይመጣሉ። ተቀብለህ ለልጁ ስጠው።